ሽጉጥ ስታጸዱ እነዚህን አታድርጉ

«ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ስሰማ አሁንም ልቤ ይደነግጣል። ሰሞኑን አንድ ወጣት ደሴ ቤቴ ድረስ ማካሮቭ የሚባለውን ሽጉጥ ይዞ መጣና እሱኑ አለኝ። ተቀብዬ ቃታውን፣ ማለትም ከላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ብረት (መተኮሻውን አይደለም)፣ ስስበው ጥይት ዱብ አለች። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ።

ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ካዝናው፣ ጥይት የሚሞላበት፣ ይወጣል፤ ቃታ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። ጀማሪ ግን ይገለብጠዋል። ቃታውን ይስባል፣ አንድ ጥይት ይወጣል፣ ከዚያ ካዝናውን አውጥቶ ጨረስኩ ይላል። ቃታው ሲመለስ ሌላ ጥይት አጉርሷል እኮ! ካዝናው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጥይቷ ግን ውስጥ ናት።

እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ። ጥይቷ የቤታችንን ቆርቆሮ በስታ ወጣች። እናቴ ጓዳ ቡና እየወቀጠች ነበር፤ የዘነዘናው ድምፅ ቀጥ አለ። «አለሁ» ብዬ እስክጮህ ድረስ የነበረው ዝምታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ካዝናውን አውጡ፣ ቃታውን ሳቡና ያዙት፣ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ በትንሿ ጣታችሁ ዳስሱ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። አፈሙዙ ሁሌም ሰው ወደሌለበት ይዙር። ግሎክ የሚባለው ሽጉጥ ያላችሁ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ፤ ለመፍታት ምላጩን፣ ማለትም መተኮሻውን፣ መሳብ ግድ ነው።

ሁለተኛው ዘይት ማብዛት ነው። አንዳንዱ ሽጉጡን እንደ ቅንጬ በዘይት ያርሰዋል። ቃታው የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች ላይ አንዳንድ ጠብታ ይበቃል። ትርፉ አቧራ ይሰበስባል፤ የቆቦ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ጭቃ ነው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አትጨምሩ፤ ቆሻሻ ይዞ መርፌውን ያዳክመዋል፣ ጥይቱም ይከሽፋል። ካዝናውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይሆንም። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን የምታጸዱ፣ እባካችሁ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቁ። መስኮትም ክፈቱ። ጋዝ የነካው ብረት ዘይቱ ተጠርጎ ስለሚራቆት ካደረቃችሁት በኋላ ስስ ዘይት ቀቡት።

ቶካሬቭ የሚባለው ሽጉጥ ቱቦ (ጥይቱ አልፎ የሚወጣበት) ስለሚነቀል ከኋላ በኩል ቦርሹት። የማካሮቭ ግን አይነቀልም። ከፊት ለመግባት ትገደዳላችሁ፣ ስለዚህ የብረት ዘንጉ የአፈሙዙን ከንፈር እንዳይፍቀው ቀስ በሉ። ያ ከንፈር ከተጎዳ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል።

ድሮ የተሠራ የቶካሬቭ ጥይት ከተኮሳችሁ ዘይት ብቻውን አያድናችሁም። የብዙው መለኮሻ፣ መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። ቱቦውን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። በውሃ እጠቡ ስል ብዙዎች ያበድኩ ይመስላቸዋል። እመኑኝ።

ቃታውን የሚመልሰውን ሞላ ስትመልሱ አትገልብጡት። የማካሮቭ ጠበብ ያለው ጫፍ ነው ቀድሞ ቱቦው ላይ የሚገባው።

አጽድታችሁ በቆዳ አፎቱ ከታችሁ ሳጥን ውስጥ አትርሱት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በደሴ ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ሲገባ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዝገት ይጀምራል። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ልጅ በማይደርስበት ቆልፉበት። እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ያ ጥቁር እድፍ እርሳስ አለበት።