የ1800ዎቹ የአሜሪካ ሚድዌስት (መካከለኛው ምዕራብ) ገበሬና ቤተሰቡ እንዴት እንደኖሩ ከሰነድ የምናወጣበት መንገድ

የዛን ዘመን ገበሬ፣ ኦሃዮ በሉት ኢሊኖይ ወይ አይዋ፣ አብዛኛው ደብዳቤም ዳያሪም አልተወልንም። ግን መንግሥት ቆጥሮታል፣ እሱም መሬት ገዝቷል፣ ሲሞት ደግሞ ላሙና ማረሻው ሳይቀር ተጽፏል። እና ሰውዬውን ብቻውን አትፈልጉት፣ መሬቱን ያዙና በሱ በኩል ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ጎረቤቶቹን ተከተሉ፣ ታሪኩ ያለው እዛ ነው።

መነሻው በየ10 ዓመቱ የሚደረገው ሴንሰስ፣ ማለትም የሕዝብ ቆጠራ ነው፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ከ1850 በፊት የአባወራው ስም ብቻ ነው ያለው፣ ሌላው ሰው በቁጥር ነው የገባው። ከ1850 ጀምሮ ባሪያ ያልሆነ ሰው በሙሉ በስሙ ተጻፈ። እዚህ ጋ የልጆቹን የትውልድ ቦታ ከላይ ወደ ታች አንብቡ፣ ትልቁ ፔንሲልቬንያ፣ መሀለኛዋ ኦሃዮ፣ ትንሹ አይዋ ከተወለደ ቤተሰቡ የሄደበትን መንገድ ከነግምት ዓመቱ አገኛችሁት ማለት ነው። ዝምድና ግን መጻፍ የጀመረው በ1880 ስለሆነ ከዛ በፊት ከአባወራው ስር የተጻፈችውን ሴት ዝም ብላችሁ የልጆቹ እናት ናት አትበሉ፣ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ብዙ ነበሩ፣ ሁለተኛ ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ እህቱም ልትሆን ትችላለች። የ1890ው ሴንሰስ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል፣ ክፍተቱን ስቴቶቹ ራሳቸው ባደረጉት ቆጠራ ሙሉት፣ አይዋና ሚኒሶታ የ1885 አላቸው። የ1900ው ላይ ደግሞ እናትየዋ ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ተጠይቃለች፣ 9 ወልዳ 5 ቀርተውላት ስታዩ የቀሩትን 4 ሳትፈልጉ አትለፉ፣ እነሱም ቤተሰብ ናቸው። ከ1850 እስከ 1880 ከዋናው ቆጠራ ጋር ከሰኔ 1 በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ዝርዝር አለ፣ ምክንያቱና ወሩ ሁሉ ተጽፎ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያየው ወደሚያልፈው ልውሰዳችሁ፣ የእርሻ ሴንሰስ ነው። በ1850፣ 1860፣ 1870 እና 1880 እያንዳንዱ እርሻ ስንት ኤከር (የመሬት ስፋት መለኪያ) የለማ ስንት ያልለማ እንዳለው፣ ፈረስ፣ የሚታለብ ላም፣ በግ፣ አሳማ፣ ስንዴና በቆሎ በቡሽል (የእህል መስፈሪያ)፣ ቅቤ በፓውንድ ተመዝግቧል። በ1850 ዓመታዊ ምርታቸው ከ100 ዶላር በታች የሆኑ ትንንሽ እርሻዎች አልገቡም፣ ስለዚህ ሰውየው ከሌለ ገበሬ አልነበረም ማለት አይደለም። ሁለት ቆጠራ ጎን ለጎን አድርጉ፣ በ1850 በበሬ 30 ኤከር ያርስ የነበረው ሰው በ1860 ፈረስና 90 ኤከር ካለው፣ የመሣሪያውም ዋጋ ዘሎ ከሄደ፣ የማጨጃ ማሽን ገዝቶ ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ የማጨጃ ማሽን ሠሪው ማኮርሚክ በ1847 ቺካጎ ገብቶ ፋብሪካ ከከፈተ በኋላ ማሽኑ በየእርሻው እየገባ ነበርና። ቅቤውን ደግሞ በአብዛኛው ሚስትና ሴት ልጆች ናቸው የሚንጡት፣ 400 ፓውንድ ቅቤ ካያችሁ የነሱን ጉልበት ነው እያነበባችሁ ያላችሁት፣ ሴንሰሱ ራሱ ግን ሥራቸውን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የተወው ወይ የቤት ሥራ ብሎ ነው ያለፈው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

መሬቱን በቢሮ ኦፍ ላንድ ማኔጅመንት (የአሜሪካ መንግሥት መሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ በስም ሰርች አድርጉ። መሬቱ የተቀየሰው በካሬ ነው፣ ትልቁ ካሬ ታውንሺፕ፣ በውስጡ ያለው ትንሹ ሴክሽን ይባላል፣ አንድ ታውንሺፕ 36 ሴክሽን ነው፣ አንድ ሴክሽን 640 ኤከር፣ ሩቡ 160። ከ1820 ጀምሮ የመንግሥት መሬት ኤከሩ ከ1.25 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር፣ ኦሃዮና ኢንዲያና አብዛኛው በግዢ ነው የተያዘው። ሚኒሶታ፣ ነብራስካ፣ ካንሳስ ከሆነ ግን የ1862ቱን የሆምስቴድ ሕግ አስቡ፣ 5 ዓመት ኖሮበት ካለማው እስከ 160 ኤከር የሱ ይሆን ነበር። የሆምስቴድ ፋይሉን ከናሽናል አርካይቭስ (የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) አስመጡት፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ኤከር እንደታረሰ፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ከውጭ የመጣ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱ ጭምር ይኖረዋል። ምስክር ሆነው የፈረሙትን ጎረቤቶች ስም መዝግቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚስትየው ወንድም ወይ አማች ሆኖ ይገኛል።

የካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር) ፍርድ ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ የመሬት ሽያጭ መዝገብና የውርስ ፋይል። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት የራሷን መብት መልቀቋን እንድትፈርም ይደረግ ነበር፣ ለብዙ ሴት ስሟ በዛ ዘመን ከተጻፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። የውርስ ፋይሉ ደግሞ ከምጣድ እስከ ጋሪ የነበረውን ሁሉ ከነዋጋው ይዘረዝራል፣ ያገቡ ሴት ልጆችም በአዲሱ ስማቸው ይገባሉ።

ሰውየው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861-1865) ከዘመተ የጡረታ ፋይሉን አትዝለሉ፣ ሚስትየው ባሏ ሲሞት ጋብቻዋንና የልጆቿን የልደት ቀን ማስረዳት ስለነበረባት አንዳንዷ ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ቀድዳ አያይዛለች።

በ1880ዎቹ የታተሙትን የካውንቲ ታሪክ መጻሕፍት ግን በጥንቃቄ ያዙ። የሕይወት ታሪኩ የተጻፈለት ሰው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ለመግዛት የተመዘገበ ነው፣ መረጃውንም የሰጠው ራሱ ነው፣ ስለዚህ የዘራውን ስንዴ በእርሻ ሴንሰሱ፣ የገዛውን መሬት በሽያጭ መዝገቡ አረጋግጡት፣ ስለ አያቶቹ የሚለውን ደግሞ ሌላ ሰነድ እስክታገኙ ድረስ በእርሳስ ብቻ ጻፉት።