ልጅዎን ለመጀመሪያው የቼዝ ሻምፒዮና እንዴት ያዘጋጃሉ?

ቤት ውስጥ ታላላቆቹን የሚያሸንፍ ልጅ፣ ሻምፒዮና ላይ በ15 ደቂቃ ተሸንፎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚጥለው እጁ ነው፤ ከሐሳቡ ይቀድማል። ስለዚህ ከእጅ እንጀምር።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥም የነኩትን መተው ይቅር። ንግሥቱን የሚያስበላው ቢሆን እንኳ የነካውን ጠጠር ያንቀሳቅስ። ቢያለቅስም ቤት ያልቅስ። የተንጋደደ ጠጠር ማቃናት ከፈለገ በራሱ ተራ፣ ከመንካቱ በፊት «ላስተካክል» ይበል። ካስሊንግ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ተራ አብሮ ማንቀሳቀስ) ሲያደርግ ንጉሡን ያስቀድም። ግንቡን ቀድሞ ከነካ በዚያ በኩል ካስሊንግ ቀረበት፤ ግንቡን ያንቀሳቅሳል። በጥንቱ የእኛ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ «ወረራ» የሚባል አጀማመር አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው፤ ሻምፒዮና ላይ ግን እንዲህ የሚቸኩል እጅ ያስበላል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ ተሰጥቶ፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 30 ሰከንድ እየተጨመረ አለማምዱት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ተጋጣሚው ሲጫወት መጀመሪያ የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከዚያ «ምን ሊበላብኝ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከወሰነ በኋላ ቦርዱን አንዴ ደግሞ ይየው። ከዚያ ይጫወት፣ በዚያው እጁ ሰዓቱን ይጫን፣ ከዚያ ይጻፍ። የራሱን እንቅስቃሴ ከመጫወቱ በፊት መጻፍ አይፈቀድም። እጁ ሥራ ፈትቶ እንዳይንቀዠቀዥ ጭኑ ሥር ያስቀምጠው።

ጭቅጭቅ ከተነሳ ከተጋጣሚው ጋር አይከራከር። ሰዓቱን ያቁም፣ እጁን ያውጣ፣ ዳኛ ይጥራ። ዓይን አፋር ልጆች እዚህ ላይ ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ይህንንም ቤት ውስጥ ተለማመዱት፣ እርስዎ ዳኛ ይሁኑ።

አቻ ሲጠየቅ ቶሎ እሺ አይበል። በተለይ ተጋጣሚው ስመ ጥር ስለሆነ ብቻ ፈርቶ አይቀበል። እ.ኤ.አ. በ2002 በግሪክ ሄራክሊዮን ከ12 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሩሲያዊው ኢያን ኔፖምኒያቺና በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን በነጥብ እኩል ጨረሱ። ዋንጫውን በመለያ ነጥብ የወሰደው ኔፖምኒያቺ ነበር። ማሸነፍ አንድ ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነው፤ ካርልሰን ግማሽ ነጥብ ብቻ ቢጨምር ኖሮ ሻምፒዮኑ እሱ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ከመፈረሙ በፊት ውጤቱ በትክክል መጻፉን ይይ። ሲወጣ «አሸነፍክ?» አይበሉት። ውሃ ይስጡት፣ ምሳ ይብላ። ወረቀቱን ማታ አብራችሁ ትከፍታላችሁ።