የፓርላማ አባል መራጮቹ ፊት ሲቀርብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 30 ፓርላማው ሲዘጋ ተመራጮች ሕዝባቸውን የሚያነጋግሩበት ጊዜ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም፦ ኑሮ ከበደን፣ ሌብነት በዛ።

የመጀመሪያው ስህተት ሁለቱን ለያይቶ መመለስ ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘ። ዓመታት ሙሉ እየቆጠበ ቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ያ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የጣሪያ ጉዳይም ነበር።

ሁለተኛው፣ በሪፖርት መመለስ። እናት ስለ ጤፍ ዋጋ ስትጠይቅ የተፈጠረውን የሥራ ዕድል ቁጥር አያንብቡላት። ሪፖርት የሚያቀርበው ሚኒስትሩ ነው። እርስዎ የተመረጡት እሱን ለመጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ደግነት ስለሚመስል ከሁሉም ይከብደኛል። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው ይጠጋሉ። ሴፍቲኔት ሳይገቡ ቀርተዋል። አንጀት ይበላሉ። እርስዎም ስልክ አንስተው ወረዳው ጋ ይደውላሉ፣ ስማቸውም ይገባል። ግን ኮታው ያው ነው። እሳቸው ሲገቡ የማን ስም ወጣ? ምናልባት አዳራሽ መምጣት ያልቻለ የአልጋ ቁራኛ ይሆናል። ሰፈሩም ከዚያ በኋላ የሚበጀው ተራ መጠበቅ ሳይሆን ሰው ማወቅ መሆኑን ይማራል። እኔ ብሆን እናቲቱን ይዤ ወደ ቅሬታ ሰሚው እሄዳለሁ። ከዚያ ምልመላው እንዴት እንደተካሄደ፣ ዝርዝሩ ለነዋሪው በይፋ ተለጥፎ እንደነበር በጽሑፍ እጠይቃለሁ። መልሱን ለሁሉም አነባለሁ። ይዘገያል፣ አውቃለሁ። ግን በዚህ መንገድ ማንም የማንንም እንጀራ አይወስድም።

«ይህ የወረዳው ጉዳይ ነው»፣ «የፓርቲው አቋም ነው» እያሉ መሸሽም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል። ፓርቲ እዚያ ውስጥ አልተጠቀሰም። ያው አንቀጽ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበት ተመራጭ እንደሚነሳም ይናገራል።

ስለ ራስ ሀብት ሲጠየቁ መቆጣትም ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 668 ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። የላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው «እርስዎስ ምን አለዎት?» ቢል መብቱ ነው። ያስመዘገቡትን እዚያው፣ ፊቱ ላይ ይንገሩት።