እርሻ ልትጎበኙ ነው? ከጫማችሁ ጀምሩ

እርሻ ለመጎብኘት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ ቀድማችሁ ደውሉ። የሚታለብበትን ወይም ምርት የሚሰበሰብበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በዚያ ሰዓት ከደረሳችሁ ባዶ ማሳ ዞራችሁ ከመመለስ ሥራውን ራሱን ታያላችሁ፣ ልጆች ደግሞ በጣም ነው የሚወዱት።

ዋናው ግን ጫማ ነው። ብዙ ሰው አያስበውም። በአንድ ቀን ሁለት እርሻ የምትዞሩ ከሆነ ከመሃል ጫማችሁን በብሩሽና በሳሙና አጥባችሁ ወይም ቀይራችሁ ግቡ፣ ምክንያቱም እንደ የአፍና የእግር በሽታ ያለው ቫይረስ ጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃና እበት ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ለእናንተ የአንድ ቀን መዝናኛ ነው፣ ለገበሬው ግን መተዳደሪያው ነው።

እንስሳ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ። ሳኒታይዘር አይበቃም! እጅ ላይ ቆሻሻ ካለ በደንብ አይሠራም፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ተውሳክም አይገድልም። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በተለይ ተከታተሉ፣ እጃቸው ወዲያው ወደ አፍ ነው። ያልፈላ ወተትም አታጠጧቸው።

ፍሬ ሳትጠይቁ ቀጥፋችሁ አትብሉ። ፀረ ተባይ በቅርቡ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል፣ ከተረጨ በኋላ ደግሞ ለመብላት የሚጠበቅ የተወሰነ ቀን አለ።

በር ደግሞ እንዳገኛችሁት ተዉት። ዝግ ከነበረ ዝጉት። ክፍት ከነበረም አትዝጉት፣ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚሄዱበት ሊሆን ይችላል።