አሮጌ ቤት ከማደሳችሁ በፊት ቀለሙን አስመርምሩ

አሜሪካ ውስጥ የቆየ ቤት ገዝታችሁ ልታድሱ ካሰባችሁ፣ ቀለሙን ሳታስመረምሩ ግድግዳ እንዳትነኩ። እዚያ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት፣ ለምሳሌ ዲሲና ባልቲሞር በብዛት ያሉት ዓይነት፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ሽፋን ሊድ ሊኖረው ይችላል።

መጀመሪያ መስኮቱን እዩ። ሲከፈትና ሲዘጋ እየተፋተገ ቀለሙ ይደቅቃል፤ ብናኙ ደፉ ላይ ይቀራል። ሕፃን ልጅ እጁን እዚያ ያሳርፍና ወደ አፉ ይወስደዋል። ሊድ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ዘላቂ ነው።

ፈቃድ ያለው መርማሪ ብትጠሩ ይሻላል። ራሳችሁ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የምትልኩ ከሆነ ግን ላዩን ብቻ አትፋቁ፤ እስከ እንጨቱ ድረስ ያለው ሽፋን ሁሉ መውጣት አለበት።

ሊድ ከተገኘ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የለም። ኮንትራክተር ስትቀጥሩም የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የሊድ ሰርተፊኬቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። «ችግር የለም፣ እኛ እናውቅበታለን» ብሎ ዋጋ የሚቀንስላችሁን እለፉት። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ሥራው አልቆ ቤቱ በደንብ እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይሰንብቱ።