ከኦንላይን ገበያው ያልገባ ክፍያ፦ ችግርና መፍትሄ ለሐዋሳ ሻጮች

ሐዋሳ ሆናችሁ በኦንላይን ገበያ አማካይነት አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ትሸጣላችሁ እንበል። ዕቃው ደርሷል፣ ገንዘቡ ግን ወይ አልመጣም ወይ ጎድሎ መጣ። በብስጭት ስልክ ከመምታታችሁ በፊት ችግሩ ከታች ካሉት የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ትዕዛዙ «ተከፍሏል» ይላል፣ አካውንቴ ላይ ግን የለም

መጀመሪያ ያስመዘገባችሁትን የአካውንት ቁጥርና ስም እዩ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ወይም ስሙ ካልገጠመ ዝውውሩ ሊመለስ ይችላል። ቀጥሎ ገበያውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት የዝውውሩን ማጣቀሻ ቁጥር ጠይቁና ወደ ባንካችሁ ሂዱ። ባንኩ በዚያ ቁጥር ምንም ካላገኘ፣ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ድርጅቱ ይሄዳል።

በዚህ መሃል «ከገበያው ነው የምንደውለው፣ ክፍያችሁን እንድንለቅ የቴሌብር ፒን ንገሩን» የሚል ሰው ቢደውል ስልኩን ዝጉት። ገንዘብ ለመቀበል ፒን አያስፈልግም።

ትዕዛዙ «ደርሷል» ይላል፣ «ተከፍሏል» ግን አይልም

ገዢው ለአድራሹ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ይሆናል። አድራሹ ገቢ እስኪያደርግና የድርጅቱ የክፍያ ቀን እስኪደርስ ይቆያል። ውላችሁ ላይ ያለው ቀን ካለፈ ግን በትዕግስት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ጠይቁ።

ገንዘቡ ጎድሎ መጣ

ብዙ ጸብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ስህተት ድምሩን ይዞ መከራከር ነው። «የወሩ ሽያጬ ይህን ያህል ነበር» ብትሉ ማንም መልስ ሊሰጣችሁ አይችልም። ሂሳቡን በየትዕዛዙ ቁጥር አስታርቁ።

ለምሳሌ 1,800 ብር የተሸጠ ጫማ እንውሰድ። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ከሆነ 180 ብር ነው። በኮሚሽኑ ላይ 15 በመቶ ቫት ካለ 27 ብር ይጨመራል። ማድረሻው 120 ብር በእናንተ ላይ ከሆነ የሚገባላችሁ 1,473 ብር ነው። 1,293 ከገባ 180 ብር ጎድሏል፤ ኮሚሽኑ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ቅናሽ ነው። ገበያው ለበዓል ዋጋ ሲቀንስ ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን ነው? ውሉ ላይ በእናንተ ላይ ካልተጻፈ፣ በሌላ መንገድም ካልተስማማችሁበት፣ ከእናንተ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ይህን አጥብቃችሁ ተከራከሩ።

ስትጽፉ የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ መግባት የነበረበትን፣ የገባውንና ልዩነቱን ብቻ በሠንጠረዥ አስቀምጡ። ሐተታው ይቅር።

ገዢው ቅሬታ ስላቀረበ ክፍያው ታገደ

ዕቃውን ስታሽጉ ያነሳችሁትን ፎቶና ከመናኸሪያ የላካችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። ለገዢው ገንዘቡ ተመልሶ ዕቃው ግን ሐዋሳ ካልደረሰ፣ ዕቃው አሁን የት እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ። ዕቃውም ገንዘቡም ከእጃችሁ ወጥቶ መቅረት የለበትም።

ማንም አይመልስም

ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ በመርህ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ውሉ ሌላ ካላለ ደግሞ ለዘገየ ክፍያ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። የቻት መልእክቶቻችሁን አታጥፉ፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም።

ክስ ከማሰባችሁ በፊት ግን የውሉን የክርክር አንቀጽ አንብቡ። በግልግል ዳኝነት ወይም በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ይታያል የሚል ከሆነ፣ የመንገዱና የጠበቃው ወጪ ከሚጠየቀው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ላለ ኃላፊ ያንኑ የሂሳብ ሠንጠረዥ ልኮ በስምምነት መጨረስ ይሻላል፤ የተስማማችሁበትን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ አስቀሩ።