የካንሰር ተመራማሪን በፐብሊኬሽኑ ስንመዝን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ አሁን አሁን ካንሰር ላይ የሚሰራ ወጣት እየበዛ ነው፣ ደስ ይላል፣ ሬዚደንቱም የማስተርስ ተማሪውም የጡት ወይ የማህፀን በር ካንሰር ርዕስ ይዞ ይመጣል። የሚያሳስበኝ አማካሪ ሲመርጡ ወይ አብሯቸው የሚሰራ ሰው ሲፈልጉ የሚለኩበት መንገድ ነው። ስልክ ይወጣል፣ ጉግል ስኮላር (የሰውየውን ወረቀቶችና ስንት ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ በቃ "ትልቅ ሰው ነው" ወይ "እሱ ምንም የለውም" ይባላል፣ አንድ ወረቀት እንኳ ሳይከፈት። ካንሰር ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ በሽተኛ ድረስ ይደርሳል፣ ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ኤች-ኢንዴክስን እንደ ማዕረግ ማየት

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ 20 ወረቀት ኖሮህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ኤች-ኢንዴክስህ 20 ነው። ቁጥሩ የማያውቀው ነገር ግን ብዙ ነው። ወረቀቱን አንተ ጽፈኸው ይሁን 200ኛ ስም ሆነህ ገብተህበት አይለይም፣ የተጠቀስከው ጥሩ ሰራ ተብሎ ይሁን ተሳሳተ ተብሎ አይለይም፣ ምርምር ካቆምክ 10 ዓመት ቢሞላህም አይወርድም፣ እንደውም ሊጨምር ይችላል።

እኛ አገር ይሄ ጎልቶ የሚታየው በግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ (የበሽታን ጫና በየአገሩ የሚገምት ዓለም አቀፍ ጥናት) ወረቀቶች ነው። ላንሴት ላይና ጃማ ኦንኮሎጂ ላይ የሚወጡት የዚህ ጥናት ወረቀቶች በመቶ የሚቆጠር ጸሐፊ አላቸው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ሥራውን አላጣጥልም፣ የአገራችን ዳታ እንዴት እንደተገመተ አይቶ አስተያየት የሚሰጥ የአገር ሰው ያስፈልጋል። ግን እነዚህ ወረቀቶች በጣም ብዙ ስለሚጠቀሱ ጥቂቶቹ ላይ ስሙ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ እጢ ላይ ሲሰራ ከኖረ ሰው በላይ ሳይቴሽን (የመጠቀስ ቁጥር) ይዞ ታገኘዋለህ፣ ሁለቱን በዛ ቁጥር ማወዳደር ልክ አይደለም፣ ለሁለቱም።

እና ምን ይደረግ? ፕሮፋይሉን ከፍተህ ሰውየው መጀመሪያ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ወይ ኮረስፖንዲንግ ኦተር (ስለ ወረቀቱ ጥያቄ የሚቀበለው ጸሐፊ) ሆኖ የተጻፈባቸውን ለይ። ከነሱ ሦስቱን አውርድና አንብብ፣ ሙሉውን፣ አብስትራክቱን ብቻ አይደለም። ብዙ ጆርናሎች ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የጸሐፊዎች ድርሻ የሚል አጭር አንቀጽ አላቸው፣ ማንም አያነበውም፣ እኔ ግን ከሱ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም ማን ሀሳቡን እንዳመጣ፣ ማን ዳታ እንደሰበሰበ፣ ማን እንደተነተነ በስም ምህጻረ ቃል ተዘርዝሮ ይገኛል። አንድ ሰው ሁሌ "የመጨረሻውን ጽሑፍ አይቶ አጸደቀ" የሚለው ላይ ብቻ ካለ አንድ ነገር ነገረህ ማለት ነው።

"ኔቸር ላይ ወጥቷል" ብሎ ማመን

ጅማ ላይ ቡና የሚገዛ ሰው ጆንያው ላይ የተጻፈውን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፣ ፈትቶ ያያል። ወረቀትም እንደዛ ነው፣ ኔቸርን የመሰለ የታወቀ ጆርናል ስም ጆንያው ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ አኒል ፖቲ የሚባል የካንሰር ተመራማሪ ነበር። በ2006 ቡድኑ ኔቸር ሜዲሲን ላይ ባወጣው ወረቀት የእጢውን ጂን አይተን የትኛው ኬሞ ለየትኛው በሽተኛ እንደሚሰራ መተንበይ እንችላለን አለ፣ ዓለም ጉድ አለ፣ ማን አይፈልገውም እንዲህ ያለ ነገር። ኤምዲ አንደርሰን የሚባለው የአሜሪካ የካንሰር ማዕከል የሚሰሩ ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች ግን ውጤቱን ለመድገም ሞክረው አልመጣላቸውም። ዳታውን አንድ በአንድ ሲያዩት የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ መስመር ተንሸራቷል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ለመድኃኒቱ ምላሽ የሚሰጠውና የማይሰጠው ተገለባብጦ ተጽፏል። በአንድ መስመር! ይሄን ለዓመታት ተናገሩ፣ ጻፉ፣ ሰሚ አላገኙም፣ በዛው ትንበያ ላይ ተመስርቶ እውነተኛ በሽተኞች ክሊኒካል ትራያል (በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ) ውስጥ ገብተው ነበር። ነገሩ የፈነዳው በ2010 ሰውየው ሲቪው ላይ የሮድስ ስኮላር (በጣም የተከበረ ስኮላርሺፕ ያገኘ) ነበርኩ ያለው ሐሰት መሆኑ ሲወጣ ነው፣ በዛው ዓመት ሥራውን ለቀቀ፣ የኔቸር ሜዲሲኑም ወረቀት በ2011 ሪትራክት ተደረገ፣ ማለትም እንደማይታመን ተገልጾ ተሰረዘ።

ሁሉም አጭበርባሪ ነው ለማለት አይደለም። በ2012 ቤግሊና ኤሊስ እንደጻፉት አምጀን የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሳይንቲስቶች 53 ታዋቂ የካንሰር የላብራቶሪ ጥናቶችን ለመድገም ሞክረው የተሳካላቸው 6ቱ ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ማጭበርበር አይደለም፣ በትንሽ ናሙና መሥራት፣ ያልመጣውን ውጤት ትቶ የመጣውን ብቻ መጻፍ፣ ምናምን ነው። ስለዚህ የአንድን ሰው ሪከርድ ስታይ ዋናው ጥያቄ ግኝቱን ሌላ ቡድን ሌላ ቦታ ደግሞት አገኘው ወይ የሚለው ነው። ሪትራክት መደረጉንም እይ፣ ፐብመድ (የሕክምና ወረቀቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ከርዕሱ አካባቢ ጎላ ብሎ ይጻፋል፣ ሪትራክሽን ዋች የሚባለውም ዳታቤዝ በነጻ ነው። ሪትራክት የተደረገን ወረቀት እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ቴሲስ ዛሬም ይመጣል።

ኢሜይል የጋበዘህን ጆርናል መቀበል

ገና ማስተርስህን ሳትጨርስ "ክቡር ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎትን አንብበን ተደንቀናል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እናትምልዎታለን" የሚል ኢሜይል ከመጣ አጥፋው። በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ጆን ቦሃነን የጻፈውን አስታውስ፣ ላይከን ከሚባለው ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚበቅል ነገር የወጣ ንጥረ ነገር ካንሰር ይገታል የሚል ሆን ተብሎ የተበላሸ የፈጠራ ወረቀት ለ304 ኦፕን አክሰስ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ተላከ፣ 157ቱ ተቀበሉት። ጸሐፊ ተብለው የቀረቡት የፈጠራ ስሞች ደግሞ አፍሪካ ውስጥ በሌሉ ኢንስቲትዩቶች የሚሰሩ ተብለው ነበር፣ አንዱ ለምሳሌ አስመራ። አፍሪካዊ ተመራማሪ ብሎ መጻፉ ይቆጠቁጠኛል፣ ግን እኛን እያደኑ ገንዘብ የሚበሉትም እነዚሁ ዓይነት ጆርናሎች ናቸው።

ለማዕረግ እድገት ተብሎ እንዲህ ያለ ቦታ የወጣ ወረቀት ከስምህ አይለቅም፣ ጥሩ ዳታም ከሆነ እዛው ተቀብሮ ይቀራል፣ ሌላ ጆርናል አንዴ የታተመን አይቀበልም። ገንዘብ ከሆነ ችግሩ፣ ብዙ ትክክለኛ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጣ ወረቀት የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ ወይ ይቀንሳሉ፣ ከመላክህ በፊት ጠይቅ። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኸልዝ ሳይንስስም ፐብመድ ላይ ያለ ጆርናል ነው፣ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም።

ስም

የኛ ስም ለነዚህ ሲስተሞች አይመችም። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰድና ከበደ ኤ፣ ተስፋዬ ኤም ሆነህ ትቀራለህ፣ ከበደ ኤ ደግሞ አገሩን ሞልቶታል። ጉግል ስኮላር የሌላ ሰው የወባ ወረቀት ያንተ የጡት ካንሰር ፕሮፋይል ውስጥ ይከትልሃል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ስምህን በአንድ ስፔሊንግ ሌላው ላይ በሌላ ከጻፍክ ደግሞ ሁለት ሰው ትሆናለህ። የሌላ ሰው ሥራ ፕሮፋይልህ ላይ ካየህ ዛሬውኑ አውጣው፣ ቁጥር ይቀንሳል ብለህ አትተወው። ኦርኪድ (ORCID፣ የተመራማሪ መለያ ቁጥር) አውጣ፣ 16 አሃዝ ነው፣ በነጻ ነው፣ ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ከዛ አንድ ስፔሊንግ መርጠህ እስከመጨረሻው እሱን ተጠቀም።

ስም በስጦታ መስጠት

ይሄ ከባዱ ነው። አንዲት ተማሪ ካርድ ክፍል ቁጭ ብላ የፓቶሎጂ ውጤት ከአሮጌ ካርድ ላይ ስትገለብጥ ትከርማለች፣ የባዮፕሲው (ከእጢው ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና) ወረቀት የጠፋበትን መዝገብ ላይ ትፈልጋለች፣ የበሽተኛውን ዕድሜ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ታገኛለች። ወረቀቱ ሲወጣ አንድም ቀን ዳታውን ያላየ አለቃ ስሙ ከሷ በፊት ይገባል። በኛ ባህል ታላቅን እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል ማንም አይናገርም። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ ግን ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል፣ በሀሳቡ ወይ በዳታው ላይ ትርጉም ያለው አስተዋጽኦ፣ መጻፍ ወይ በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ያላሟላ ምስጋና ላይ ይገባል።

መጣላት አያስፈልግም። ገና ስትጀምሪ "ዶክተር፣ አናሊሲሱን ከመጀመሬ በፊት አብረውኝ ቢያዩልኝ፣ ሜተዱንም እርስዎ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል" ብለሽ በኢሜይል ላኪ። ከሰሩ ስማቸው በሀቅ ይገባል፣ አንቺም ትማሪያለሽ። ካልሰሩም መጠየቅሽ በጽሑፍ አለ።

ሳይቴሽን የሌለውን መናቅ

ዴኒስ በርኪት ኡጋንዳ የሚሰራ ቀዶ ሐኪም ነበር። የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠውን እጢ በ1958 ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ላይ ጻፈ፣ መጀመሪያ ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ላብራቶሪ አልነበረውም፣ የነበረው በሽተኞቹን በደንብ ማየትና በየሆስፒታሉ እየዞሩ የት እንዳለ የት እንደሌለ መጠየቅ ነው፣ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና አፍሪካን ረጅም ተጉዞ ካርታ ላይ አስቀመጠው። በዛው ዓመት ለንደን ሲናገር አንቶኒ ኤፕስታይን ሰማው፣ ናሙና በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር፣ በ1964 ቫይረሱ ተገኘ፣ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የምንለው። ጅማ ያለ ሐኪም ከዳውሮ ወይ ከከፋ የሚመጡለትን በሽተኞች በጥንቃቄ መዝግቦ የሚያወጣው ወረቀት ዛሬ አምስት ሰው ብቻ ቢጠቅሰው አትናቀው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሆስፒታል የመጡትን ቆጥሮ "በአካባቢው የካንሰር ስርጭት ይሄን ያህል ነው" ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ጠርጥር። ስርጭት ለማለት የሕዝብ ካንሰር መዝገብ (በአንድ አካባቢ ነዋሪዎች ላይ የተገኘውን ካንሰር ሁሉ የሚመዘግብ) ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ እንዳለው ዓይነት፣ ግሎቦካን የሚባለው ዓለም አቀፍ የካንሰር አሃዝም ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ቁጥር ግምት ነው፣ ቆጠራ አይደለም።

የታማሚ ቤተሰቦች ደግሞ

እናታቸው የታመመችባቸው ልጆች "ይሄ ዶክተር ብዙ ጽፏል፣ እሱ ይሻላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ምርምርና ሕክምና ሁለት ሥራ ነው፣ ብዙ የጻፈ ጥሩ ሐኪም አለ፣ ምንም ያልጻፈ ጥሩ ሐኪምም አለ። ፐብሊኬሽን ከመፈለግ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፣ ባዮፕሲው ተሰርቷል ወይ፣ የጡት ከሆነ የሆርሞን ምርመራው ታዟል ወይ፣ ደረጃው ስንት ነው፣ ይሄን ኦፕሬሽን በብዛት ይሰራሉ ወይ፣ ኬሞው እዚህ አለ ወይስ ከውጭ እንገዛለን፣ ጨረር ካስፈለገ የት ነው፣ ወረፋውስ። መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱም የፓቶሎጂውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።